የዓይናዲስ ሩቅ ጎረቤቶች

መምህርት ዓይናዲስ ከፋለ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ቢያልፋትም፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር ቁጭ ብላ አውርታ አታውቅም ነበር። ላሊበላ የፈረንጅ ከተማ ነው ይባላል፤ የእኛ ትምህርት ቤት ወይራ አምባ ግን ከከተማው ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው ያለው። ቱሪስት የጫኑ መኪኖች በደጃችን አቧራ እያቦነኑ ያልፋሉ። ልጆቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ከመኪናው ውስጥም አንድ ሁለት እጅ ይውለበለባል። በዚሁ ያበቃል።

እኔ እዚያው ሒሳብ አስተምራለሁ። በመምህራን ክፍል ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ የማወራውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያላየሁትን ደግሞ ዓይናዲስ ራሷ ነግራኛለች፤ እሷ ነገር ደብቃ ማደር የምትችል ሴት አይደለችም።

የተወለደችው ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ካለ የገበሬ ቤተሰብ ነው። ወልድያ መምህራን ኮሌጅ ተምራ ስትጨርስ ከአገሯ ብዙም ሳትርቅ ተመደበች። ባሏ ምንይችል ላሊበላ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ ጠዋት ጠዋት ዳገቱ ሥር ያደርሳትና እሷ የቀረውን በእግሯ ትወጣለች። አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ናት። በአማርኛ ከሆነ ከማንም ጋር ትጫወታለች። እንግሊዝኛውን ግን «የጥቁር ሰሌዳ እንግሊዝኛ» ትለው ነበር። «እኔ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ማንም ደግሞ መልሶ አይጠይቀኝም» ትል ነበር እየሳቀች።

በ2015 ዓ.ም. ገና ባለፈ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ አንዲት ቱሪስት የጫነች መኪና ትምህርት ቤታችን በር ላይ ጎማዋ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ ሊቀይር ሲወርድ፣ ምስክር የሚባለው አስጎብኚ እንግዳይቱን ጥላ ላይ ሊያስቀምጣት ወደ ግቢው ይዟት ገባ። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላት አልቀረም፤ ወፈር ያለች፣ ራሷን በሻርፕ የሸፈነች ናት። ጥላው ላይ መቀመጡን ትታ በቀጥታ ወደ ስድስተኛ ክፍል ገባችና የኋላው ወንበር ላይ፣ ሰብሌ ከምትባለው ተማሪ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይናዲስ ጠመኔ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«መምህርት ነኝ ትላለች» አለ ምስክር ከበሩ ላይ። «ትምህርቱ ይቀጥል ብላለች።»

«እንዴት ነው የምቀጥለው? እሷ እያየችኝ?» አለች ዓይናዲስ። ግን ተማሪዎቹ ሁሉ ዞረው ስለነበር ምርጫ አልነበራትም። ጉሮሮዋን ጠርጋ በእንግሊዝኛ ስሟን ጠየቀቻት።

«ናና» አለች ሴትዮዋ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሌ አፏን ሸፍና፣ «ቲቸር፣ ሴት አይደለችም እንዴ? ‹ነይ ነይ› ነበር መባል ያለበት!» አለች። ምስክር ለእንግዳዋ ሲተረጉምላት እሷም ከልጆቹ እኩል ሳቀች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በወይራ አምባ ልጆች ዘንድ ስሟ እትዬ ነይነይ ሆኖ ቀረ።

አገሯ ጆርጂያ ነው። ምስክር ይህ ጆርጂያ የአሜሪካው እንዳልሆነ፣ ከቱርክ በላይ ያለ፣ ራሱን የቻለ ተራራማ አገር እንደሆነ አስረዳ። ናና የራሳቸው ፊደል እንዳላቸው ስትናገር ዓይናዲስ ጠመኔውን ሰጠቻት። ሴትዮዋ ሰሌዳው ላይ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዙ ፊደላትን ደረደረች። ሠላሳ ሦስት ናቸው።

«የእኛም ሠላሳ ሦስት ነው!» አሉ ልጆቹ። «እኩል ነን!»

«አይደለንም» አለች ሰብሌ ብድግ ብላ። «የእኛ እያንዳንዱ ሰባት ልጅ አለው።» ሄዳ ከሀ እስከ ሆ ጻፈች። ናና ነገሩ ሲገባት ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

ከዚያ የሆነው ግን ምስክርን ጭምር አስደነገጠው። ዓይናዲስ እንደ ቀልድ «ጨው» በይ አለቻት። ናና ልክ እዚያው ተወልዳ እንዳደገች ሰው አጥብቃ «ጨው» አለች። «ጠጠር» አለች። «ጸሎት» አለች። ለካ በእነሱም ቋንቋ እነዚህ ጠበቅ የሚሉ ድምፆች አሉ።

«ስንት ዓመት አስጎብኚ ሆኜ ‹ጨው›ን አስተካክሎ የሚጠራ ፈረንጅ አልገጠመኝም!» አለ ምስክር።

ሳቁና ጩኸቱ አጥር ዘልሎ ስለተሰማ፣ ከጎናችን ባለው ደብር የአብነት ትምህርት የሚያስተምሩት መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ጥላቸውን እንደያዙ መጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ጠጋ ብለው «እስቲ ‹ጴጥሮስ› በይ ልጄ» አሉ። ናና አለች። የኔታ ዓይናቸው በራ። «እነዚህ ሰዎች ሩቅ አይደሉም» አሉ። «በኢየሩሳሌም ገዳማት ጎረቤት እንደነበርን ሲነገር ሰምቻለሁ።» የእነሱም ገና ከእኛ ጋር በአንድ ቀን እንደሚውል ሲሰሙማ፣ ነገሩ ለእሳቸው ያለቀለት ሆነ።

ጎማው ተቀይሮ መኪናዋ ስትነሣ፣ ናና ስልክ ቁጥሯን ለዓይናዲስ ሰጠቻት። «የእኔም ትምህርት ቤት ተራራ ላይ ነው» አለቻት። «ልጆቼ ከልጆችሽ ጋር ቢተዋወቁ ደስ ይለኛል።»

ማታ ዓይናዲስ ለባሏ የነገረችው ስለ ፊደሉ አልነበረም። «ምንይችል፣ እንግሊዝኛዋ እንደ እኔው ይንገዳገዳል! ግስ ትረሳለች! ግን አትፈራም፤ ረስታ ትቀጥላለች» ነበር ያለችው።

በሳምንቱ ወሬው ገበያ ደረሰ፤ ሲደርስ ግን መልኩን ቀይሮ ነበር። የወይራ አምባ ልጆች አሜሪካ ሊሄዱ ነው ተባለ። አንድ አባት የልጁን ጉርድ ፎቶግራፍ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ርእሰ መምህራችን አቶ ምስጋኑ ወላጆችን ሰብስበው፣ ዓይናዲስ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ሁለቱን ጆርጂያዎች በጣቷ ለየች። ፎቶግራፍ ያመጣው ሰውዬ ካርታውን ቀርቦ ካየ በኋላ፣ «ይህችኛዋ ትንሽ ናት» ብሎ ፎቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

የወላጅና መምህር ኅብረት ሊቀ መንበሩ አያ ደሳለ ግን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። ረጅም፣ ጠንካራ ገበሬ ናቸው፤ ይህ ትምህርት ቤት እንዲከፈት የወረዳውን ደጅ ዓመታት የጠኑት እሳቸው ናቸው።

«እሺ፣ አሜሪካ አይደለም» አሉ። «ታዲያ ምን ይሰጡናል?»

«ጓደኞች ይሆኑናል፣ አያ ደሳለ።»

«ጓደኝነት ውኃ ይቀዳል? ልጆቻችን ለአንድ ጀሪካን ውኃ ወንዝ ድረስ ነው የሚወርዱት። ቧንቧ ያስገቡልን በያቸው።»

«ገና ሰላም ሳንባባል እጃችንን ብንዘረጋ ምን ይሉናል?» አለች ዓይናዲስ። ከአያ ደሳለ ጋር በአደባባይ መከራከር ቀላል አይደለም። «እርስዎ ቤት አዲስ ጎረቤት ቢመጣ በመጀመሪያው ቀን በሬ ይለምናል? መጀመሪያ እንተዋወቅ።»

አያ ደሳለ ዱላቸውን አነሡ። «እሺ፣ ተዋወቁ» ብለው ወጡ። መስማማታቸው ግን አልነበረም።

ለመተዋወቁ ቀጠሮ ተያዘ። በቪዲዮ የሚገናኙት ማክሰኞ በአራት ሰዓት ሆነ። ኔትወርክ የሚይዘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ፣ ትልቁ ወይራ ሥር ብቻ ነው። ዓይናዲስ ጠንቃቃ ስለሆነች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አራት ሰዓት ማለት በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው ብላ አሰበች። ናናም ጠንቃቃ ናት። ምስክር ላሊበላ ላይ የእኛን ሰዓት አስተምሯት ስለነበር፣ አራት ሰዓት ማለት ረፋድ ላይ ነው ብላ ያዘች። ሁለቱም አንዷ ለሌላዋ ሲያስቡ ተላለፉ።

የጆርጂያ ልጆች ረፋዱን ሁሉ ቢደውሉ የዓይናዲስ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ተኝቷል። እኛ አሥር ሰዓት ላይ ስድስተኛ ክፍልን ይዘን፣ ጸጉር ተበጥሮ፣ ፊት ታጥቦ፣ መዝሙር ተለማምደን ጉብታው ላይ ወጣን። የኔታ ተክለ ሚካኤል ፀሐይ ስክሪኑን እንዳታጠፋብን ጥላቸውን ዘርግተው ስልኩ ላይ አጠሉልን። አያ ደሳለም እንደ አጋጣሚ የሚያልፉ መስለው መጥተው ራቅ ብለው ቆሙ።

ዓይናዲስ ደወለች። ናና አነሣች። ስክሪኑ ላይ የታየው ግን ክፍልም ተማሪም አልነበረም። ጨለምለም ያለ በረት፣ የላም ጎን፣ ከላሟ ሥር ደግሞ ባልዲ በጉልበቶቿ መሃል የያዘች ናና ነበረች። ልጆቿ ተስፋ ቆርጠው ወደየቤታቸው ሄደዋል።

«ላም እያለበች ነው!» ብላ ጮኸች ሰብሌ።

«የማን ላም? የራሷ?» አሉ አያ ደሳለ ከሩቅ። እየቀረቡ ነው።

«የራሷ ናት» አለች ዓይናዲስ ጠይቃ። «መምህርትም ናት፣ ገበሬም ናት ትላለች። ደመወዙ አይበቃም ትላለች።»

አያ ደሳለ ልጆቹን በእጃቸው ገለል አድርገው ጥላው ሥር ገቡ። ላሟን አዩ። «ጡቷ አብጧል» አሉ። «የግራው። ጥጃው ሳይጠባው ቀርቶ ነው። ንገሪያት።» ዓይናዲስ «ጡት ማበጥ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስለማታውቅ የራሷን ጉንጭ ነፍታ በእጇ አሳየቻት። ናና ገባት፤ ከሳቅ ብዛት ባልዲውን ልትደፋው ምንም አልቀራት። በጆርጂያ ቋንቋ የሆነ ነገር ለላሟ ነገረቻት።

ልጆቹ መዝሙራቸውን ለናናና ለላሟ ዘመሩ። ከጉብታው ስንወርድ አያ ደሳለ ከየኔታ ጋር ወደ ኋላ ቀርተው፣ «ፈረንጅ ላም ያልባል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ሁለቱም በፀሐይ ተግባቡ፤ «ልጆቹ ምሳ ሳይበሉ» ተባለና ስሕተት ቀረ። በየሁለት ሳምንቱ ጉብታው ላይ እንወጣለን። የናና ተማሪዎች ሁሉም ተሰብስበው አሥራ አንድ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ ጊዮርጊ ስለሚባሉ የእኛ ልጆች ትልቁ ጊዮርጊስ፣ መካከለኛው ጊዮርጊስና ቀዩ ጊዮርጊስ እያሉ ለዩዋቸው። የእነሱ ልጆች በረዶ የክፍላቸውን መስኮት እስከ ግማሽ ሲሸፍነው አሳዩን። የእኛ ልጆች የገና ጨዋታ አሳይተዋቸው የጨዋታው ኳስ፣ ሩሯ፣ ገደል ገባች። ዓይናዲስ ደግሞ ከእኔ ጋር ተማክራ አንድ ሥራ ፈጠረች። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የውኃ ፕላስቲክ ቆርጠው፣ በማስመሪያ ለክተው፣ የወሩን ዝናብ እንዲመዘግቡና እንዲያወዳድሩ አደረገች። የሒሳብ ክፍለ ጊዜዬ እንዲህ ተወዶ አያውቅም።

የዓይናዲስ እንግሊዝኛም ተለወጠ። ድሮ አንድ ዓረፍተ ነገር በልቧ ሦስቴ ሳትደግም አትናገርም ነበር። አሁን ግስ ትረሳለች፣ ትቀጥላለች። ክፍል ውስጥም መጻፉን ቀንሳ ልጆቹን ማናገር ጀመረች። እነሱም መልሰው መጠየቅ ጀመሩ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ዳታ ተቋረጠ። ትምህርትም የተስተጓጎለበት፣ ሰው ሁሉ በሐሳብ የከረመበት ጊዜ ነበር። ጉብታው ላይ የሚወጣ ጠፋ። ዓይናዲስ ግን ትምህርት በሌለበት ቀን እንኳ አቅራቢያ ያሉትን ልጆች እየጠራች ዝናቡን ታስለካቸው ነበር። «ምን ያደርግልሻል?» ብላት፣ «ሲመለስ ምን እንነግራቸዋለን? ያን ጊዜ ሳንለካ ቀረን ልንላቸው ነው?» አለችኝ።

ወራት አልፈው ዳታው ሲመለስ፣ ዓይናዲስ ባሏ ባጃጅ ውስጥ ነበረች። ስልኳ መንጫረር ጀመረና አላቆም አለ። ምንይችል የተበላሸ መስሎት ባጃጁን ዳር አስያዘ። ናና በዚያ ሁሉ ጊዜ መላኳን አላቆመችም ነበር። የልጆቹ ፎቶ፣ የበረዶው ፎቶ፣ የተወለደች ጥጃ ፎቶ፣ በልጆቹ እጅ የተጻፈ «ሰላም ወይራ አምባ» የሚል አማርኛ አለ። «ወ» ተገልብጣለች። ዓይናዲስ ባጃጁ ውስጥ እየሳቀችም እያለቀሰችም ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከሁሉ በመጨረሻ የመጣው ግን የድምፅ መልእክት ነበር። የናና ድምፅ እንደወትሮው አልነበረም።

ትምህርት ቤታቸው ሊዘጋ ነው። ተማሪው አነሰ ተብሏል። ሰዎች ተራራውን እየተዉ ወደ ከተማ እየወረዱ ነው። የወረዳቸው ምክር ቤት ልጆቹን በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ማመላለስ ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቦለታል፤ በቅርቡ ይወስናል።

ዓይናዲስ በማግሥቱ ይህን ለወላጆች ስብሰባ ተናገረች። መጀመሪያ ማንም አልገባውም። «ለአሥራ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት?» አለ አንዱ ከኋላ፤ የእኛ አንዱ ክፍል ብቻ ሰባ ልጅ ይይዛል። ጥቂት ሰው ሳቀ።

አያ ደሳለ አልሳቁም። ተነሥተው ቆሙ። ዓይናዲስ የቧንቧውን ነገር ሊያነሡ ነው ብላ ጠብቃ ነበር።

«መቼ ነው የሚወስኑት?» አሉ።

«በሚቀጥለው ሳምንት፣ አያ ደሳለ።»

«ሽማግሌ እንላክ።»

አቶ ምስጋኑ ፈገግ አሉ። «ጆርጂያ ድረስ?»

«ስልኩ ይድረስ እንጂ እኛ ለምን እንደርሳለን? ጓደኛሽ ናት አላልሽም እንዴ መምህርት? ጓደኛ ሲቸገር ሽማግሌ ይላክለታል። ሌላ ምን ይደረግለታል?»

ዓይናዲስ ለናና ጻፈችላት። ናና ለምክር ቤቱ ነገረች። ከዚያ ወገን የመጣው መልስ ግርታም ጉጉትም ነበረበት፤ ቢሆንም ፈቀዱ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ። የኔታ ተክለ ሚካኤል፣ አያ ደሳለና መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው አቶ አባስ። የአቶ አባስ የልጅ ልጅ እኛ ዘንድ ነው የሚማረው፤ በአካባቢያችን የክርስቲያንም የእስላምም ጠብ ሲኖር እሳቸው የሌሉበት እርቅ የለም። በተባለው ጠዋት ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አቶ አባስ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ጉብታው ላይ ወጡ። ለክብራቸው ከመምህራን ክፍል ወንበር አምጥተን ነበር። አልተቀመጡም። ጥላውን እኔ ያዝኩ።

ስክሪኑ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ሰዎች፣ በመሃል መነጽር ያደረገ ኃላፊ ታየ። ናና ጠርዝ ላይ ናት፤ እጆቿን አጣምራ ይዛለች። ዓይናዲስ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ናና እንግሊዝኛውን ወደ ራሷ ቋንቋ። ዓይናዲስ ገና ከመጀመሪያው ቃል ላይ ተሰናከለች። «ሽማግሌ» የሚለውን ምን ትበለው? «አዛውንት» ብትል አይሆንም። ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀችና በዚያው በሚንገዳገደው እንግሊዝኛዋ፣ «እነዚህ ሰዎች ነገሩ ካልተስተካከለ ወደ ቤታቸው የማይመለሱ ሰዎች ናቸው» አለች። ናና ይህንን ስትተረጉም ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ተሰማ።

አያ ደሳለ ጀመሩ። «ጌታው፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አምስተኛን ለመማር ላሊበላ መውረድ ነበረብኝ። ክረምት ላይ ወንዙ ሞላ፣ አላሻገረኝም፣ በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ልጆቼ እንደ እኔ እንዳይቀሩ ብዬ ይህ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ደጅ ጠናሁ። እናንተ ደግሞ የተከፈተውን ልትዘጉ ነው አሉን። አሥራ አንድ ልጅ ጥቂት ነው ብላችኋል። እኛ ዘንድ በአንድ ክፍል ሰባ አለ። ቢሆንም አንዱ ሲቀር መምህርቷ ስሙን ጠርታ የት ሄደ ትላለች።»

የኔታ ቀጠሉ። «እኔ የማስተምርበት ጉባኤ አንዳንድ ዓመት ከአራት ተማሪ በላይ የለውም። ከእነዚያ ከአራቱ አንዱ ነው ዛሬ እኔ ባረጅ የሚተካኝ። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሦስቱን ባሰናበትሁ ነበር።» ዓይናዲስ ይህን ስትተረጉም ኃላፊው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጻፈ።

አቶ አባስ አጭር ነበሩ። «እኔ ነጋዴ ነኝ። ሱቄን ለአንድ ወር ዘግቼ ብመለስ ደንበኞቼ ሌላ ሱቅ ለምደው ነው የማገኛቸው። የናንተም ትምህርት ቤት ከተዘጋ፣ የቀሩት ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ተራራው የማን ይሆናል?»

 ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። አንድ ነገር ጠየቀ፤ ናና ተረጎመች፤ ዓይናዲስ ደግሞ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ለምን እንደማትቀመጡ ይጠይቃል። ወንበር አለ፣ ይቀመጡ ይላል።»

«እሺ ካሉን እንቀመጣለን» አሉ አያ ደሳለ።

ትርጉሙ ሁለት ቋንቋ አልፎ ደረሰ። ሰውዬው መጀመሪያ የቀልድ መሰለውና ፈገግ አለ። ከዚያ ሦስቱ ሰዎች እንደቆሙ መሆናቸውን፣ ነፋሱም ጋቢያቸውን እያማታው መሆኑን አየ። የኔታ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። አንዲት አሮጊት የምክር ቤት አባል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ኃላፊውን ተቆጣችው። በኋላ ናና እንደነገረችን፣ «የሰው አገር ሽማግሌ አቁመህ ታስቀራለህ?» ነበር ያለችው።

እኛ የቆምንበት ጉብታ ላይ ልጆቹ ስልኩን ለማየት ተጠጋጉ። ክንዴ ጥላውን ይዞ ደነዘዘ።

ኃላፊው ተናገረ። ናና ግን አልተረጎመችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

«ናና? ናና!» አለች ዓይናዲስ። «ምን አለ?»

ናና በመጨረሻ ተናገረች። ዓይናዲስ ሰማችና እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፋባት፤ በሁለት እግሯ ዘላ፣ «እሺ ብሏል!» ብላ ጮኸች። «ለሚቀጥለው ዓመት አይዘጋም! ተማሪ ከጨመረ ደግሞ ለዘለቄታው ይታያል ብሏል! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!»

ልጆቹ እልልታውን አቀለጡት። አያ ደሳለ መጀመሪያ የኔታን አስቀመጡ፣ ከዚያ አቶ አባስን፣ ከዚያ ራሳቸው ቁጭ አሉና፣ «ደግ ሰው ነው፣ ብዙ አላስቆመንም» አሉ። ከወዲያኛው ወገን ሰዎቹ እያጨበጨቡ ነበር።

ያቺን ስብሰባ አንድ የናና አገር ሰው ቀርጿት ኖሮ ቪዲዮዋ በስልክ ስልኩ ዞረች። ነጭ ለብሰው ተራራ ላይ ቆመው አንቀመጥም ያሉትን ሽማግሌዎች አገሩ ሁሉ አያቸው አለችን ናና። በበልጋቸው ማብቂያ ከተማ ወርዶ የነበረ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ወደ ተራራው ተመለሰ። በመስከረም ትምህርት ሲጀመር አሥራ አንዱ አሥራ አራት ሆኑ። ከአዲሶቹ አንዱ ጊዮርጊ ስለሆነ የእኛ ልጆች ለአራተኛው ጊዮርጊስ ስም ለመስጠት ተቸግረው ሰነበቱ።

የእኛ የውኃ ጉዳይ አሁንም ወረዳው ዘንድ ነው። አያ ደሳለ ይህንን ከናና ጋር አላነሡትም። ከናና ጋር የሚያወሩት ስለ ላም ብቻ ነው፤ በየጥሪው ይመጣሉ፣ ዓይናዲስም «እስቲ ጥጃዋን አሳዪያቸው» ከማለት አልፋ ወደ ትምህርቱ ለመግባት ጊዜ ይፈጅባታል። የኔታ ስማቸውን በጆርጂያ ፊደል መጻፍ ችለዋል።

ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ከላሊበላ እየመጡ፣ «እኛንም ከውጭ ትምህርት ቤት ጋር አገናኚን» ይሏታል። እሷ ቁጭ አድርጋ አንድ ነገር ትጠይቃቸዋለች። «ምን ልትነግሯቸው ነው?» ስለ ጎደላቸው መዘርዘር ሲጀምሩ፣ «እሱ ይቆይ። ልጆቻችሁ ምን ያውቃሉ? ምን ይጫወታሉ? እነሱ ምን ቢጠይቋችሁ ደስ ይላችኋል?» ትላቸዋለች። አንዳንዱ ተናድዶ ይሄዳል። አንዳንዱ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። እስካሁን ሁለት ትምህርት ቤቶች ጀምረዋል፤ አንዱ ከኬንያ ጋር፣ ሌላው የናና እኅት ከምታስተምርበት ጋር።

ባለፈው ወር ናና መንደርተኛው ተሰብስቦ ዓይናዲስን ለክረምቱ ዕረፍት ሊጋብዛት እንደወሰነ ነገረቻት። ዓይናዲስ ፓስፖርት ልታወጣ ደሴ ደርሳ መጣች። ቪዛው ገና ነው፤ ይወጣል አይወጣም የሚያውቅ የለም። ትናንት ጠዋት ግን የመምህራን ክፍል ስገባ፣ በግንቦት ፀሐይ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሳ፣ እስከ ላይ ቆልፋ፣ በላብ ተጠምቃ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከላሊበላ ልባሽ ተራ ገዝታው ነው።

«ምነው ዓይናዲስ፣ አሞሻል?» አልኳት።

«ልላመደው ብዬ ነው» አለች። «ምንይችል ሲያየኝ ባጃጁን ገደል ሊከተው ነበር።»

«ጆርጂያም እኮ በሐምሌ በጋ ነው። ናና ራሷ ናት የነገረችን።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ አንድ ቁልፍ ፈታች፤ አንድ ብቻ።

«ተራራ ላይ ነው አላለችም?» አለች። «ማታ ማታ ይበርዳል።»

ደወሉ ተደወለ። ካፖርቱን ሳታወልቅ፣ ጠመኔዋን ይዛ ወደ ስድስተኛ ክፍል ሄደች፤ የልጆቹ ሳቅ እኔ እስካለሁበት ድረስ ተሰማ።